ታሞክሲፈን ከታዘዘልሽ፦ ኪኒኑን ሳያቋርጡ ለመዝለቅ

የጡት ካንሰር ኬሞው ሲያልቅ ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ተገላገልሽ» ይላል። ከዚያ ሐኪሙ አንዲት ትንሽ ኪኒን ይጽፍልሽና «በቀን አንድ፣ ለ5 ዓመት» ይልሻል። ከበሩ ውጭ ወረፋው አላለቀም፣ ነርሷ የቀጣዩን ሰው ስም እየጠራች ነው፣ አንቺም «እሺ» ብለሽ ትወጫለሽ። ጥያቄው የሚመጣው ታክሲ ውስጥ ነው። በባዶ ሆድ ነው ወይስ ከምግብ በኋላ? ጾም ሲገባስ? ቢያልቅብኝስ? የወር አበባዬ ቢቀርስ?

እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ይሄንኑ ኪኒን እውጣለሁ። ሐኪም አይደለሁም። መጠን መወሰንና ኪኒን መቀየር የሐኪምሽ ሥራ ነው። የምጽፈው ከከተማው ዳር ሆና፣ ሆስፒታሉ ርቆባት፣ ለዓመታት ለምትውጥ ሴት ይጠቅማል ያልኩትን ነው። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዢልኝ፦ ኪኒኑ ቢያስመርርሽ፣ ከገበያ ቢጠፋ፣ ብር ቢያጥርሽ፣ በራስሽ አታቁሚ። መጀመሪያ ተናገሪ። ሰዓት ይቀየራል፣ ኪኒን ይቀየራል፣ ለሚያስቸግርሽ ነገር ሌላ መድኃኒት ይታዘዛል። ሐኪሙ ግን ያልነገርሽውን አያውቅም።

መጀመሪያ ወረቀትሽን እዪ

የጡት ካንሰር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን እያገኘ ነው የሚያድገው፣ ሌላው ደግሞ ከሆርሞን ጋር ጉዳይ የለውም። ይሄ የሚታወቀው ከዕጢሽ በተወሰደው ናሙና ላይ በሚደረግ ምርመራ ነው። የፓቶሎጂ ውጤትሽ ላይ ኢአር (ER) እና ፒአር (PR) የሚሉትን ፈልጊ፤ ዕጢው የሴት ሆርሞን የሚቀበል መሆን አለመሆኑን የሚያሳዩ ናቸው። ኢአር ፖዘቲቭ ከሆነ ኪኒኑ ላንቺ የተሠራ ነው። ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ ያንን ካንሰር በማከም ረገድ አይጠቅምሽም፣ ጣጣው ብቻ ነው የሚተርፍሽ። ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከ100 ዕጢ 65 ያህሉ ኢአር ፖዘቲቭ ሆኖ አግኝቶታል፤ ስለዚህ የብዙዎቻችን ጉዳይ ነው።

ወረቀቱ ላይ ካጣሽውስ? ምርመራው ሳይሠራ ታሞክሲፈን የሚጀመርበት ጊዜ አለ። አትደንግጪ፣ ግን ጠይቂ። ናሙናው ሰም ውስጥ ተደርጎ ላቦራቶሪ ይቀመጣል፣ ባለሙያዎቹ «ብሎክ» ይሉታል፣ ምርመራው በኋላም ከእሱ ላይ ሊሠራ ይችላል። «ብሎኬ የት ነው ያለው? ኢአር ይሠራልኝ ወይ?» ማለት ነውር የለበትም።

ታሞክሲፈን የሚሠራው እንዲህ ነው። የካንሰሩ ሴል ላይ ኤስትሮጅን የሚያርፍበት ቦታ አለ። ታሞክሲፈን እዚያ ቦታ ላይ ቀድሞ ይቀመጣል፤ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ላይ ወንበር ቀድሞ እንደያዘ ሰው በይው። ኤስትሮጅን ይመጣል፣ ቦታ ያጣል፣ ይመለሳል። ወንበሩ ግን በየቀኑ መያዝ አለበት። የተለመደው መጠን በቀን 20 ሚሊግራም ነው።

ሌላኛው ወገን ሌትሮዞል (2.5 ሚሊግራም)፣ አናስትሮዞል (1 ሚሊግራም) እና ኤክሰመስቴን (25 ሚሊግራም) ናቸው። እነዚህም በቀን አንዴ ነው የሚዋጡት። ሥራቸው ግን ይለያል፤ ቦታ አይዙም፣ ኤስትሮጅኑ ራሱ እንዳይመረት ነው የሚያደርጉት። ካረጥሽ በኋላ ኤስትሮጅን የሚመረተው በእንቁላል ማምረቻሽ ሳይሆን በስብና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ነው፣ እነዚህ ኪኒኖች የሚያቆሙትም ያንን ነው። የወር አበባ ለምታይ ሴት ብቻቸውን አይሆኑም። እንዲያውም እንቁላል ማምረቻውን ይቀሰቅሱታል፤ ሌትሮዞል ልጅ አልያዝ ላላት ሴት የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፋርማሲው «ታሞክሲፈን አልቋል፣ ሌትሮዞል ልስጥሽ፣ ያው ነው» ካለሽ ያው አይደለም። ሳታርጪ ከእነዚህ አንዱ ከታዘዘልሽ አብሮ እንቁላል ማምረቻውን የሚያስተኛ መርፌ (ለምሳሌ በየ28 ቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋው 3.6 ሚሊግራም ጎሰሬሊን) መኖር አለበት፣ ወይም እንቁላል ማምረቻው በቀዶ ሕክምና የወጣ መሆን አለበት። ኬሞ ያስቀረው የወር አበባ ደግሞ ሁሌ ማረጥ ማለት አይደለም። ከወራት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ከመጣ ለሐኪሙ ንገሪው።

ሰዓቱን ከምታውቂው ነገር ጋር እሰሪው

ታሞክሲፈን ከምግብ በፊትም በኋላም ይዋጣል። ሌትሮዞልና አናስትሮዞልም እንደዚያው። ኤክሰመስቴን ብቻ ከምግብ በኋላ ነው። ዋናው ነገር ሰዓቱ አንድ መሆኑ ነው።

እኔ የማታ 2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ነው የምውጠው። ቴሌቪዥኑ ባይከፈት፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ የጎረቤት ራዲዮ ይሰማል፣ ካልሆነም ስልክ አለ። ማታ መዋጡ ሌላም ጥቅም አለው፤ መጀመሪያ ሰሞን የሚያቅለሸልሸው ሰው ከእራት በኋላ ውጦ ቢተኛ ይቀለዋል። እንቅልፍ የሚከለክላት ደግሞ ወደ ጠዋት ታዙረው። ጾም ከሆነ ማታው ይበልጥ ይመቻል፤ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ብትሆኚ ኪኒኑ ጾሙን አይነካውም፣ ጾሙም ኪኒኑን አይነካውም። በረመዳንም በአፍጥር ወይም በሱሁር ላይ አንዱን መርጦ ወሩን ሙሉ እሱን መያዝ ነው።

ከረሳሽ? ትዝ እንዳለሽ ዋጪ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ተይውና በሰዓቱ የዛሬውን ብቻ ዋጪ፣ ሁለት አትደርቢ። ታሞክሲፈን ሰውነት ውስጥ ቶሎ አይጠፋም፤ ግማሹ ለመውጣት ከ5 እስከ 7 ቀን ይወስድበታል። ስለዚህ አንድ ቀን ስለረሳሽ ሌሊቱን ስትገላበጪ አትደሪ። አስጊው ነገር አንድ ቀን ሳይሆን «ነገ እገዛለሁ» እያልሽ ወር ሲያልፍ ነው።

አሁን የኛ አቆጣጠር የሚያመጣትን ጣጣ ልንገርሽ። የኛ ወር ሁሌ 30 ቀን ነው፣ 30 ፍሬ ኪኒን ደግሞ ልክ ከወሩ 1 እስከ 30 ያደርሳል። ምቹ ነው። 12 ወር ስትቆጥሪ 360 ፍሬ ይሆንና ጳጉሜን ላይ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ። 5 ቀን፣ አንዳንዴም 6። ያውም ሰው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ በሚልበት፣ ብርም መንገድም በሚጠብበት ሰሞን። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ስትገዢ አንድ ሉክ (10 ፍሬ የታሸገባትን) ጨምረሽ ያዢ። ሌላው፣ ቀጠሮሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ሳጥኑ ላይ ያለው የማለቂያ ቀን ግን በፈረንጅ ነው። ፋርማሲስቱን «በኛ መቼ ነው?» ብለሽ እዚያው ሳጥኑ ላይ በእስክሪብቶ አስጽፊ።

አገዛዙ

ዳር ላይ ያሉ ፋርማሲዎች ታሞክሲፈን ሁሌ አይዙም፤ የሚሸጥላቸው የጨጓራና የጉንፋን መድኃኒት ነው። ስለዚህ ፍለጋው ኪኒኑ ሲያልቅ ሳይሆን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይጀመር። ሁለተኛዋ ሉክ ስትጋመስ ነው፣ ወደ ሦስተኛዋ ሳትገቢ፣ ስልክ መደወል ያለብሽ። መሄድ ሳይሆን መደወል ነው ያልኩት። የምትገዢበትን ፋርማሲ ቁጥር ያዢ፣ «20 ሚሊግራም ታሞክሲፈን አለ?» ብለሽ ጠይቂ፣ «አለ» ካሉሽ «ስንት ፍሬ?» በይ፣ ከዚያ ነው የታክሲ ብር የሚወጣው። ከነማ ፋርማሲና ቀይ መስቀል ፋርማሲ ዋጋቸውን ሳትጠይቂ ሌላ ቦታ አትክፈዪ፤ ልዩነቱ አንዳንዴ ያስደነግጣል። ትልልቅ ሆስፒታሎች አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎችም ጠይቂ።

መስኮቱ ጋ ስትደርሺ አትቸኩዪ። ከኋላሽ ያለው ሰው ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ስሙን አንብቢ፣ እንግሊዝኛ ካልሆነልሽ ባዶውን አሮጌ ሳጥን ይዘሽ ሂጂና ፊደል በፊደል አስተያዪው። ታምሱሎሲን የሚባል የፕሮስቴት መድኃኒት አለ፣ አጀማመሩ ይመሳሰላል። ከዚያ ሚሊግራሙን እዪ። ታሞክሲፈን ባለ 10ም አለ። ባለ 10 ከሰጡሽ 20 ለመሙላት በቀን ሁለት ነው የምትውጪው፣ ባለ 30 ፍሬው ሳጥንም ለ15 ቀን ብቻ ነው የሚሆንሽ ማለት ነው፤ ዋጋውንም በዚያው አስቢው። ፋብሪካው ቢቀየር፣ የኪኒኑ ቅርጽ ቢለወጥ፣ ሳጥኑ ሌላ ቀለም ቢይዝ ችግር የለውም፣ ስሙና ሚሊግራሙ አንድ ከሆነ መድኃኒቱ አንድ ነው።

ከጂዳ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚላክልሽ ካለ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ግን ሉኩን ብቻ ፕላስቲክ ውስጥ ጠቅልለው ሳይሆን ከነሳጥኑና ከነወረቀቱ እንዲልኩ ንገሪያቸው። ሳጥን የሌለው ኪኒን የማለቂያ ቀኑም ማንነቱም በወሬ ነው የሚታወቀው።

ብርን በተመለከተ፣ ታሞክሲፈን ከካንሰር መድኃኒቶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ ነው፣ ግን በየወሩ ለዓመታት ሲሆን ይከማቻል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ ካለሽ ሆስፒታሉ ፋርማሲ በመድኑ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቂ፣ ውጭ ከገዛሽም ደረሰኙን አትጣዪ። ከወረዳሽ ጀምሮ ያለውን የሪፈር ወረቀት ኮፒ ያዢ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የካንሰር ሕሙማንን የሚደግፍ ማኅበር ነው፤ የሚያግዙት ነገር ካለ ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ደረቅ ቦታ፣ ፀሐይ የማይደርስበት፣ ልጅ የማይደርስበት። ከምድጃ በላይ ያለው መደርደሪያ አይሆንም፣ መታጠቢያ ቤትም አይሆንም። ቆርቆሮ ቤት የምትኖሪ ከሆነ ቀን ቀን ጣሪያ ሥር ይግላል፣ ወደ ታች አውርጂው፤ አልጋ ሥር ያለ ሳጥን ይሻላል።

ሙቀቱ

ሁሉም የሚያወራው ስለዚህ ነው። ቁጭ ባልሽበት ከደረትሽ ተነስቶ አንገትሽንና ፊትሽን የሚለበልብ ሙቀት ይመጣል፣ ላብ ያጠምቅሻል፣ ከዚያ ይበርድሻል። ሌሊት ይብሳል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ክረምት ላይ፣ የኮዬ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሌሊት፣ ብርድ ልብሱን ገፍትረሽ መስኮት ስትከፍቺ ባልሽ «አበድሽ እንዴ?» ማለቱ ነው። አላበድሽም። አንጎልሽ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ኤስትሮጅን ሲያጣ ግራ ገብቶት ነው። ብዙዎች ላይ በጊዜ ይቀንሳል።

የሚያግዙ ነገሮች አሉ። ወፍራም ሹራብ አንድ ከመልበስ ስስ የጥጥ ልብስ ደርቦ መልበስ፣ ሲመጣ አንዱን ማውለቅ፣ ሲሄድ መልሶ መደረብ። ሰው ሠራሽ ጨርቅ ያለው የሌሊት ልብስና አንሶላ ይቅር። የሚቀሰቅስሽን ነገር ራስሽ አጥኚው፤ አንዷን ትኩስ መጠጥ፣ አንዷን ሚጥሚጣ፣ ሌላዋን አልኮል ያነሳሳባታል። እኔን ከቡናው በላይ የሚያስቸግረኝ ከሰሉ ነው። ጀበናው ጋ ተቀምጬ ስቆላ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግንባሬ ውሃ ይሆናል። አሁን ቡናውን የሚያፈላው ሌላ ሰው ነው፣ እኔ በር አጠገብ ተቀምጬ እጠጣለሁ፤ ቡናው አልቀረብኝም።

እንዲህ ሁሉ ተደርጎ እንቅልፍ አላስተኛ ካለሽ፣ ሥራ ላይ ካስቸገረሽ፣ መድኃኒት አለው፤ እንደ ጋባፔንቲን ወይም ቬንላፋክሲን ያሉ ሆርሞን ያልሆኑ ሊታዘዙልሽ ይችላሉ። ራስሽ ገዝተሽ ግን አይደለም። ለማረጥ ምልክት የሚሰጥ የሆርሞን መድኃኒት ደግሞ ላንቺ አይሆንም፤ እሱ የምንከለክለውን ነገር መልሶ መስጠት ነው።

«ኪኒኑ ያወፍራል» የሚባለውን ሰምተሽ ይሆናል። ታሞክሲፈን በወሰዱና ባዶ (መድኃኒት የሌለበት) ኪኒን በወሰዱ ሴቶች መካከል በተደረገ ትልቅ ጥናት በክብደት መጨመር ልዩነት አልታየም። ከኬሞ በኋላ፣ ከማረጥ ጋር፣ ከቁጭ ማለት ጋር ሰው ይወፍራል። በኪኒኑ አታሳብቢ፣ ተራመጂ።

ስሜትሽ ቢወርድ፣ ያለምክንያት ብታለቅሺ፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ቢያናድድሽ፣ ይሄም ከሚነገሩ ነገሮች አንዱ ነው። «ካንሰር ይዞኝ ደግሞ ስለ ብስጭት ላውራ?» አትበዪ። አውሪ። የብልት ድርቀትም እንዲሁ፤ ከሰውም ከሐኪምም የሚደበቅ ነገር ሆኖ ብዙ ትዳር ያበላሻል። ውሃ ላይ የተመሠረተ ማለስለሻ ፋርማሲ ይገኛል፣ ሆርሞን የለውም። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ቫዝሊንና ዘይት አይሁን፣ ኮንዶሙን ይቀደዋል።

መገጣጠሚያና አጥንት

ይሄ የሌትሮዞልና የአናስትሮዞል ወገን ችግር ነው። ጠዋት ስትነሺ ጣቶችሽ አይታጠፉም፣ ጉልበትሽ ይንቋቋል፣ ከአልጋ ወርደሽ ለመቆም ግድግዳ ትይዣለሽ። ብዙ ሴት ኪኒኑን የምትተወው በዚህ ነው። እንቅስቃሴ ሕመሙን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፤ ስለዚህ ባመመሽ ቀን ተኝተሽ አትዋዪ፣ ባጃጁን ትተሽ እስከ አስፋልቱ በእግርሽ ሂጂ። ማስታገሻ ከሐኪም ጋር ተማክረሽ፤ ዳይክሎፌናክ በየቀኑ መዋጥ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ካልቻልሽ ደግሞ ከሦስቱ አንዱን በሌላው መቀየር፣ ወይም ወደ ታሞክሲፈን መመለስ ይቻላል። አንዱ ያልተስማማት ሴት ሌላው ሊስማማት ይችላል።

ሌላው አጥንት ማሳሳታቸው ነው። ታሞክሲፈን ካረጡ በኋላ አጥንትን ይጠብቃል፣ እነዚህ ግን ያሳሱታል። የአጥንት መጠን መለኪያ ምርመራ ማግኘት ከቻልሽ አሠሪ። ካልሺየም ከወተት ነው፣ እኛ ደግሞ ወተቱ ከሰንዳፋ፣ ከሱሉልታና ከሆለታ በራችን ድረስ ነው የሚመጣው። ጾም ላይ ጎመን፣ ሰሊጥና ጤፍ አለልሽ። ቫይታሚን ዲ ለማግኘት እጅሽንና ፊትሽን ገልጠሽ ፀሐይ ሙቂ።

ቀጠሮ የማይጠበቅለት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አንድ እግርሽ ብቻ ባቱ አካባቢ ቢያብጥ፣ ቢሞቅ፣ ቢያምሽ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ስትተነፍሺ ደረትሽን ቢወጋሽ፣ የዚያኑ ቀን ወደ ድንገተኛ ሂጂ። ታሞክሲፈን ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ የደረሰበት ግን ሊሞት ይችላል። ከዚህ በፊት ደም ረግቶብሽ ከሆነ ኪኒኑን ከመጀመርሽ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለብሽ። ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጂማ በመኪና ስትጓዢ ባገኘሽው ማረፊያ ሁሉ ውረጂ፣ ተንቀሳቀሺ፣ ውሃ ጠጪ። ቀዶ ሕክምና ካለብሽ ለየትኛውም ነገር ቢሆን ኪኒኑን እንደምትውጪ ቀድመሽ ተናገሪ። ፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል፣ መንተባተብም ድንገተኛ ነው።

አርጠሽ ሳለ ደም ብታዪ፣ ጠብታም ብትሆን፣ ማኅፀንሽ ይታይ። ታሞክሲፈን ካረጡ በኋላ የማኅፀን ግድግዳ ካንሰርን አደጋ ከፍ ያደርጋል፣ ቶሎ ከተደረሰበት ግን የሚታከም ነው። ገና የወር አበባ የምታዪ ከሆነ ቢዛባ ወይም ቢቀር ብዙም አይገርምም፣ ከወትሮው የተለየ ብዙ ደም ሲሆን ነው የምትሄጂው። ነጭ ፈሳሽ ብቻ ከሆነ የተለመደ ነው። ዓይንሽ ቢደበዝዝ የዓይን ሐኪም ይየው። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው» ብለሽ ቅጠል ፍለጋ አትሂጂ።

እርግዝና

ታሞክሲፈን እየዋጡ ማርገዝ ጽንሱን ይጎዳል። የወር አበባሽ ስለቀረ አታረግዢም ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ራሱ አመጣጡ አስቂኝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 እንግሊዝ አገር ዶራ ሪቻርድሰን የተባለች ኬሚስት ስትሠራው የተፈለገው ለእርግዝና መከላከያ ነበር፣ ሴቶች ላይ ሲሞከር ግን ጭራሽ እንቁላል እንዲወጣ ማድረጉ ታየ። ለዚያ ሳይሆን ቀረና ለጡት ካንሰር ሆነ። እንግሊዝ በ1973፣ አሜሪካ በ1977 ፈቀዱት።

ስለዚህ መከላከያ ያስፈልግሻል፣ ግን ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ቶሎ የሚቀርብልሽ የሦስት ወር መርፌ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ወይም እንክብል ነው። ሦስቱም ሆርሞን ናቸው፣ የጡት ካንሰር ለነበረባት ሴት አይሆኑም። ያንቺ መዳብ ያለው ሉፕ ወይም ኮንዶም ነው። ነርሷን «የጡት ካንሰር ታክሜያለሁ» በያት፤ ካልነገርሻት በምን ታውቃለች?

ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ ተስፋ አትቁረጪ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወር ኪኒኑን ወስደው ለማርገዝ እስከ 2 ዓመት ያቋረጡ ሴቶችን ተከታትሎ፣ በአጭር ጊዜ ክትትል በሽታው ካላቋረጡት ይበልጥ እንዳልተመለሰባቸው አሳይቷል። እነሱም ካቆሙ በኋላ ለማርገዝ ሦስት ወር ጠብቀዋል፣ ከወለዱ በኋላም እንዲቀጥሉ ነው የተመከሩት። ይሄ ግን ከሐኪም ጋር ተቆጥሮ የሚደረግ እንጂ ሰርግ ስለደረሰ ኪኒኑን ደብቆ መተው አይደለም። እየዋጡ ጡት ማጥባትም የለም።

ከሌላ ነገር ጋር

ታሞክሲፈን ጉበት ውስጥ ተቀይሮ ነው ጉልበት የሚያገኘው። ያንን የሚያደናቅፉ መድኃኒቶች አሉ፤ ለድብርት የሚሰጡት ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን ዋናዎቹ ናቸው። የቲቢ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲንም ደምሽ ውስጥ ያለውን ታሞክሲፈን በጣም ያወርደዋል። ዋርፋሪን የምትወስዪ ከሆነ ደግሞ ታሞክሲፈን ያበረታዋል፣ ደም ሊያፈስሽ ይችላል። የሚያክምሽ ሌላ ሐኪም ሲኖር ሳጥኑን አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት፤ ስሙን በቃል ከመናገር ይሻላል።

እርድን በተመለከተ፣ ወጥ ውስጥ የሚገባው ምንም አይደለም። እንደ መድኃኒት በብዛት የሚወሰደው የእርድ እንክብል ግን የታሞክሲፈንን መጠን እንደሚቀንስ ታይቷል። ሰፈር ውስጥ «ይሄን ቀቅለሽ ጠጪ» የምትልሽ እትዬ አትጠፋም፤ ደግ አስባ ነው፣ አትጣያት፣ ግን ምን እንዳለበት የማይታወቅ የተፈጨ ነገር ከኪኒኑ ጋር አትደባልቂ። ጸበል ደግሞ ከኪኒን ጋር አይጣላም። አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ ጊዜ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። እንጦጦ ወጥተሽ ሰባት ቀን የምትጠመቂ ከሆነ ሉኳን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ውጪ።

እስከ መቼ?

ቢያንስ 5 ዓመት። በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ፣ ኢአር ፖዘቲቭ ሆነው ታሞክሲፈንን ለ5 ዓመት የወሰዱ ሴቶች በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ያህል ቀንሷል። ኪኒኑ ከቆመ በኋላም ጥቅሙ ለዓመታት ይቀጥላል። ይሄኛው ካንሰር ከ5 ዓመት በኋላም የመመለስ ጠባይ ስላለው ለአንዳንዶች እስከ 10 ዓመት ይራዘማል፤ ያረጡት መሐል ላይ ከታሞክሲፈን ወደ ሌትሮዞል ወገን ሊዞሩ ይችላሉ። አምስተኛ ዓመትሽ ሲደርስ ራስሽ አታቁሚ፣ ራስሽም አታራዝሚ። ዕጢው ምን ያህል ትልቅ እንደነበር፣ ብብትሽ ውስጥ ደርሶ እንደነበር ታይቶ ነው የሚወሰነው። ወንዶችም የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል፣ ታሞክሲፈን ይታዘዝላቸዋል፤ «የሴት መድኃኒት» ብለው የሚያፍሩ ካሉ ይሄን አስነብቧቸው።

እህትሽና ልጅሽ

ሕመሙ የሌለባት ሴትም ለመከላከል ይህን ኪኒን የምትወስድበት ሁኔታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ በሆነ ጥናት አደጋቸው ከፍ ያለ ሴቶች ታሞክሲፈንን ለ5 ዓመት ሲወስዱ የጡት ካንሰር በግማሽ ያህል ቀንሶባቸዋል። ላረጡት አናስትሮዞልም ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ገና ያልተሰራጨ የዕጢ ለውጥ የተገኘባቸው ሴቶች በቀን 5 ሚሊግራም ብቻ ለ3 ዓመት ወስደው እንደጠቀማቸው አሳይቷል። ይሄ ግን ለማንኛዋም ሴት አይደለም። ጤነኛ ሰው የደም መርጋትን አደጋ የሚሸከመው ጥቅሙ ሲበልጥ ብቻ ነው፣ ያንን ደግሞ የሚመዝነው ሐኪም ነው።

ስለዚህ እህትሽ ፈርታ «ከኪኒንሽ ስጪኝ» ብትልሽ እንዳትሰጫት። የፓቶሎጂ ውጤትሽን ኮፒ አድርገሽ ስጫት፣ በስንት ዓመትሽ እንደያዘሽ፣ ከእናታችሁም ከአባታችሁም ወገን ማን የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር እንደነበረበት ጽፈሽ ጨምሪላት። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃት እሱን ነው።